የቀለም ዕዳ

ሱቄ ሞጣ ላይ ነው፣ ከወፍጮው አጠገብ፤
ምስማር በኪሎ ነው፣ ሽቦ በክንድ ነው፣ ቀለም በገንዘብ፤
«ዱቤ የለም» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ማንም እንዲያነብ።
ቢያድግልኝ ሠዓሊው ግን አያነብም መሰለኝ፣
ሁለት ነጭ፣ አንድ ቢጫ የበር ቀለም ወስዶ በዓመቱ መጣልኝ።
ብር አልያዘም። ብሩሽ ይዟል፤ አቡጀዲ ይዟል፤
«ዕዳዬን በመልክሽ ልክፈልሽ» ይለኛል።
«መልኬንማ አውቃለሁ፤ መስታወት አለኝ።»
«መስታወት የሚያውቀው ያሳዩትን ነው» አለና ሳቀብኝ።

የምስማር ሳጥን ላይ ተቀመጥኩለት።
ሐምሌ ነው፤ ገበያ የለም፤ ዝናብ ነው ቀንና ሌት።
አልፎ አልፎ ሲያባራ፣
ጣሪያዬ ላይ ምስማር የሳታት ቀዳዳ አለች፣
በእሷ በኩል ብርሃን ወርዳ ጉንጬ ላይ ታርፋለች፤
እንደ አምስት ሳንቲም ክብ፣ ትንሽ ትሞቃለች፣
ወደ አገጬ፣ ወደ አንገቴ፣ ከዚያ ትጠፋለች።
እሱ በብሩሹ ጫፍ ይከተላታል፤
ስተነፍስ «ተይ! ሸሸች» ይለኛል።

ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። በዘጠነኛው ማታ
አቡጀዲውን አዞረልኝ፣ ዝም ብሎ ላንዳፍታ።

አየሁ።
አርዌን ሥሎታል፤ ያንን የዱሮውን፣
ዙፋን ላይ ተጠቅልሎ የነገሠውን፣
በየዓመቱ ልጃገረድ ሲገበርለት የኖረውን።
ፊት ለፊት ነው፤ ሁለት ዓይን አለው፣ እንደ ጻድቅ፤
ቅርፊቱ ወርቅ በወርቅ።
ከፊቱ የቆመችው ልጅ፣ ግብሩ፣
እኔ ነኝ፤ አንገቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው ጠጉሩ፤
ግን በጎን ነው የሣለኝ። አንድ ዓይን ብቻ!

«አንተ ሰውዬ!» አልኩት፣ «ቤተ ክርስቲያን ገብተህ አታውቅም?
በጎን የሚሣለው ማን እንደሆነ አልነገሩህም?
ይሁዳ ነው፤ ዲያብሎስ ነው፤ የሄሮድስ ወታደር፤
እኔ ምን አጠፋሁ፣ ዱቤ ከመስጠት በቀር?»

ጢሙን አከከ። ቢጫው ጢሙ ላይ ቀረ።
«ሕጉን አውቃለሁ፤ አባቴ መቅደስ ሲሥል ነው የኖረ።
እስኪ ብርሃኑን ፈልጊው፣ ከየት እንደሚመጣ።»
ፈለግሁ። መስኮት የለም። ፀሐይም አልወጣ።
ዘንዶው ላይ የሚያበራው፣ ወርቅ ያስመሰለው፣
ከጉንጬ ነው፤ ከዚያች ከክቧ ሳንቲም ነው።
እሷን ባይበደር የረጠበ ገመድ ነበር፣ በቃ፤
እሱም በዱቤ ነው ለካ!
«ፊትሽን ወደኛ ባዞረው» አለኝ፣ «ማን ያየዋል እሱን?
አንድ ሰው እንኳ ትኩር ብሎ ይየው እንጂ ንጉሡን።»

ከእግሬ ሥር ፍየል ቆማለች፣ አፏ አረንጓዴ፤
መርዙን ታኝካለች፣ በእርጋታ፣ እንደ ስንዴ።
ገዳዩ ስም አለው፤ ዙፋኑን ወረሰ፤
የልጅቷን ስም ግን ማንም አላወረሰ።

እኔም በአሥራ ሦስት ዓመቴ በበቅሎ ተጭኜ፣
ለአንድ ሽማግሌ ተሰጥቻለሁ፣ እስከ ዓይኔ ተሸፍኜ።
ይህን ለቢያድግልኝ አልነገርኩትም፤
ጉንጬ ነግሮት እንደሆን አላውቅም።

መዝገቡን ገለጥኩ፤ ከስሙ አንጻር
«ተከፈለ» ብዬ ጻፍኩ። ሥዕሉን ሰቀልኩት፣ በሦስት ምስማር።
ልጆች ዘንዶውን ነክተው ይሸሻሉ፤
ገበሬዎች እኔንና እሷን እያፈራረቁ ያያሉ።
የአዴቱ ነጋዴ ብቻ ዋጋ ጠየቀኝ፤
«አንድ ዓይና ስለሆነች ቀንሺልኝ» አለኝ።

ባለፈው ጣሪያ ጠጋኙ መጣ፣ መሰላል ተሸክሞ፤
ቀዳዳዋን አያት፣ አንጋጦ፣ ቆሞ።
«በመቶ ብር ልድፈናት?» «ተዋት» አልኩት፤
ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ከሥሯ አኖርኩላት።
ሲዘንብ ጠብ ትላለች።
ሲያባራ ደግሞ ሳንቲሟን ትጥላለች፤
ባንኮኒው ላይ፣ ሚዛኑ ላይ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ፣
ቀስ እያለች ወደ ሥዕሉ፣ ወደ ላይ።
አሥር ሰዓት ሲሆን ነው ዘንዶው ላይ የምትደርሰው፤
ያኔ ያስታውቃል፦ የኔው የበር ቀለም ነው፣ ያውም የረከሰው።